እምቦጭ ተሳፍሮ የሄደው በሬ

አንድ በሬ እምቦጭ ላይ ቆሞ፣ ሣሩን እየጋጠ፣ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። እንኳን እናንተ ሚስቴም አላመነችኝ፤ እሷ ደግሞ ስንቱን ጉድ አምናልኝ ነው ያገባችኝ።

ስለ እውነት ግን ከወረታ እስከ ሐሙሲት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው። ፍልስፍናውን ያገኘሁት ደግሞ ገበያ ላይ ጨው ከጠቀለሉልኝ የመጽሐፍ ቅዳጅ ነው። የተማሩት ሰዎች እውነት ምንድን ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። አንዱ ወሬውና ነገሩ ሲመሳሰል ነው ይላል። ሌላው የለም፣ ቀድሞ ከምናውቀው ጋር ሲገጥም ነው ይላል። ደግሞ የጠቀመ እንደሆነ እውነት ነው የሚልም አለ። አንብቤ ስጨርስ፣ ይኼን ለማወቅ ነው ጠጉራቸው የሸበተ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ያለቀው በዚያው ክረምት ነው።

የርብ ወንዝ ሞልቶ የሩዙን ማሳ ውኃ አልብሶታል። እምቦጩ ከሐይቁ ዳር ተከምሮ፣ ሣር በቅሎበት፣ ደረቅ መሬት መስሏል። የአንድ ጎረቤታችን በሬም መሬት መስሎት ገባበት። ነፋስ ሲነሣ እምቦጩ ከዳር ተገንጥሎ ሄደ፣ በሬው አንገቱን እንኳ ቀና አላደረገም። ሮጬ መጥቼ ስናገር መንደሩ በሳቅ ሞተ።

«ስንቁን እየበላ ነው የሄደ?» አለኝ አንዱ።

«ማዶ ላሉት ለጎርጎራ ሰዎች ሰላምታ ልኬበታለሁ» አልሁ እኔም። ሲስቁልኝ አፌ አያርፍም።

ሰንበትበት ሲል ባለበሬው ተሰረቅሁ ብሎ አውጫጭኝ አስጠራ። አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ንቅንቅ የለም። እያንዳንዱ ሰው ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን ወፍ ተብለው ከተመረጡት ሰዎች ለአንዱ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ወፉ ማን እንደነገረው አያወጣም። ተነሥቶ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚል።

የዚያን ቀን ወፎቹ ሁሉ የጠሩት አንድ ሰው ሆነ፤ ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ። በሬው በጠፋ ቀን ገመድ ይዞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ታይቷል። በማግስቱ ቤቱ ሥጋ ሸቷል። «ገመዱ ሣር ማሰሪያ ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ ለት ደግሞ የማን ቤት ነው ሥጋ የማይሸት?» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ነገሩ ሁሉ ገጥሟል። ሌባ ከተባለ ማንም ማረሻ አይሰጠውም፣ ልጆቹን ይዞ አገር መልቀቁ ነው።

«ሌላ ያየ አለ?» አሉ ሰብሳቢው ሽማግሌ።

ቀጥቃጩ ወደ እኔ አየ። ስለ እምቦጩ ብናገር ይስቃሉ፤ ሳቁ ደግሞ እሱን ነው የሚጎዳ። «ያንጊዜ ቀልዴን ነው፣ በሬውን ርብ ሲወስደው ነው ያየሁ» ብል ግን ወዲያው ያምኑኛል፤ ርብ በየክረምቱ ከብት ይወስዳል። ይገጥማል፣ ይጠቅማል፣ ሰውዬውም ይድናል። የጎደለው ነገር ቢኖር እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው። ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የቀጥቃጩም ሌብነት እኮ እንዲሁ ነው የገጠመ። ያ ነገር አስፈራኝ።

«በሬው እምቦጭ ላይ ሆኖ ሄደ» አልሁ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ደግሞ ጀመረው» አለ አንዱ። ቀጥቃጩ አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌው አልሳቁም። «አንተ የት ነበርህ?»

«ዳር ነበርሁ አባቴ።»

«ምን አደረግህ?»

«ምንም። ዋና አልችልም። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ዘለህ ገብተህ ቀንዱን አልያዝህም?»

«የለም አባቴ።»

«በጅራቱስ ጎትተህ አልመለስኸውም?»

«ኧረ እኔ፣ ንክችም አላደረግሁት።»

ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይኼ ሰው ጉማሬ በጥፊ መታሁ ብሎናል። እሱ ራሱ ጀግና ያልሆነበት ወሬ ሲያወራ የሰማችሁ አላችሁ?»

ሳቁ ቆመ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እኔም ሳስበው አንድም አጣሁ፤ እንዲያ ያለ ስድብ ተሰድቤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ ቅዳጅ ላይ እንዲህ ያለ የእውነት መለኪያ አልነበረበትም፣ ምናልባት በቀረው ገጽ ላይ ይሆናል።

«እንግዲያ ለዛሬ ሌባ የለም» ብለው ሽማግሌው ጉባኤውን በተኑ።

ቀጥቃጩ ወደ ቤቱ ገባ፣ በሬው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያቺ «ለዛሬ» የምትል ቃል አታስተኛኝም። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ሌላ ከብት ይጠፋና የቀጥቃጩን ስም ደግመው ይጠራሉ እያልሁ እሰጋለሁ። ባለበሬው ገበያ ላይ ሰላም ይለኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም፤ አምኖኝ ይሁን ሳያምነኝ አላውቅም።

ካላመናችሁኝ ከወረታ ባጃጅ ይዛችሁ ውረዱና ጠይቁ። ሽማግሌውን ጠይቋቸው፣ ቀጥቃጩንም ጠይቁት። ከደፈራችሁ ባለበሬውንም ጠይቁት፤ የሚላችሁን ግን ስትመለሱ ለእኔም ንገሩኝ።