ከጨው ጫኙ፣ ከቱርኩና ከመቂው ሰው ማን ይበልጣል?

አዳማ ጣቢያ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር የምንጠብቀው እዚያ ሥር ተቀምጠን ነው። ባቡሩ ይዘገያል፤ እኛም እንከራከራለን። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ በትግል ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ጫኞች ነበርን። ከባቡር ጨውና አቡጀዴ እናወርዳለን፣ ከአርሲ በአጋሰስ የመጣውን ቆዳና ቡና እንጭናለን። እንጀራው በጉልበቱ የሆነ ሰው የጉልበት ወሬ አይሰለቸውም።

እኔ ከቡልጋ ወደ አዳማ የወረድኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ ሙሉ ጎልማሳ ነበርኩ። በአገሬ በሠርግም በጥምቀትም ትግል ተገጥሞ ጀርባዬን መሬት ያስነካ ሰው ስላልነበረ፣ ቆላ ወርጄም ያው የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ከጫኞቹ ሁሉ የሚከበረው አንድ አንገተ ወፍራም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ጨው ጫኙ ነበር የምንለው። አንዱን የጨው ጆንያ በጀርባው አዝሎ፣ ሌላውን በብብቱ ይዞ ከባቡሩ ወደ መጋዘኑ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ይወጣል ይባልለታል። በብብቱ ሲይዝ እንኳ አላየሁም፤ ያንን የሚያወሩት ባቡር ሲዘገይ ነው። ከእኔ ብዙ ስለሚበልጥ ጋሼ እለው ነበር።

በመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ገጠመኝ። ወገቡን ልይዝ ጎንበስ ስል ብብቴ ሥር ገባ፤ ከዚያ ያየሁት ሰማይ ነው።

«አገርህ ማን ይጥልህ ነበር?» አለኝ ከላዬ ቆሞ።

«ማንም።»

«እንግዲህ ሰው አገኘህ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝና አነሣኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ሽሮ አቀረበች፤ እሱም መደብ አሳየኝና «ቤት እስክታገኝ እዚህ ተኛ» አለኝ። ዘመድ ባልነበረኝ ከተማ፣ መጀመሪያ የጣለኝ ሰው መጀመሪያ ያስጠጋኝ ሰው ሆነ። በግራሩ ሥር ክርክርም ከዚያ ወዲያ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ፤ እሱ አንደኛ። ይህ ሥርዓት ቱርኩ ከባቡር እስኪወርድ ድረስ ጸና።

ቱርክ ያልነው እኛ ነን። እሱ ስለ አገሩ ሲጠየቅ ረጅም ነገር ይናገራል፤ የሚተረጉሙልን ሐጂ ግን «ሩቅ ነው» ብለው ያሳጥሩታል። ሐጂ ከባሕር ማዶ የመጡ ዐረብ ናቸው፤ ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይችላሉ። ቱርኩ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ሥራው ትግል ነበር። ከወደብ ወደብ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ሰው ሊያየው ከፍሎ ይገባል፤ የሚገጥመው ካለ ይገጥመዋል። እኛ በትግል የሚተዳደር ሰው ሰምተንም አናውቅም ነበር።

ሐጂ ግቢያቸውን ፈቀዱለት። አራት የብረት ካስማ ተተክሎ ዙሪያውን ገመድ ተወጠረ። ቱርኩ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የቆዳ ሱሪ ለብሶ፣ ገላውን ሁሉ ዘይት ተቀብቶ ሲወጣ ሰው ሳቀ። ጨው ጫኙ ገባ። እጁን የትም ቢያሳርፍ ያሟልጨዋል። ወገቡን ያዝኩት ሲል ቱርኩ ከኋላው ነው። ብዙም ሳይቆይ ጋሼን እንደ ሕፃን አንሥቶ በጀርባው አስተኛው፤ ሳቁም ቆመ። ጋሼ አልተቆጣም። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና «ይሄ ሌላ ትምህርት ነው» ብሎ ከሰው መሐል ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ እኔ ገባሁ። እጄን አመድ አሽቼ ነበርና ዘይቱ አልበገረኝም። ወገቡን አገኘሁ። ሕዝቡ ሲጮኽ ልቤ አበጠና ገፋሁት። እሱ ግን ግፊቴን ተጠቅሞ አነሣኝ። አየር ላይ እንዳለሁ እግሬ በገመዱ ተጠላለፈ፤ አናቴ ወደ ታች ዞረ፤ የብረቱን ካስማ ጫፍ ከፊቴ አየሁት። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። በዚያች ቅጽበት ገላው ከሥሬ ሲዞር ተሰማኝ። እኔን ወደ ላይ አድርጎ ራሱን ወደ ታች ሰጠ፤ ጀርባው መሬት መታ። ካስማው የእሱን ትከሻ ቦጨቀው።

አዳማ እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። ተሸከሙኝ። «አልጣልኩትም፤ ከብረቱ ነው ያዳነኝ» ብል የሚሰማ የለም።

«ዝም በል» አለኝ ጨው ጫኙ ጆሮዬ ሥር። «ያሸነፈ ሰው እንዲህ አይልም።»

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ሂድና እግሩን ሳም» አለኝ።

ሄድኩ። ቱርኩ ከሱቁ ጓሮ ተቀምጦ ትከሻውን ያጥባል። በሐጂ በኩል ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። ሥራው አለመውደቅ ነው፤ ሰው የሚከፍለውም አይወድቅም ተብሎ ነው።

«እናት አለችህ ወይ ይልሃል» አሉ ሐጂ።

«አለችኝ።»

ሐጂ ነገሩት። ቱርኩ ጨርቁን ጨመቀና አጭር ነገር ተናገረ።

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ ይልሃል» አሉኝ።

እግሩን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝና አብሬው እንድዞር ጠየቀኝ። ሰው እኛን ደግሞ ለማየት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ እሱ ይወድቃል፣ አንዳንዴ እኔ። ነገሩ አልገባኝም። ተመካክረን ከወደቅን ትግሉ ምኑ ላይ ነው? ማታለል አይደለም ወይ? ብዬ ሐጂን አስጠየቅሁ። ቱርኩ መልሶ እኔን ጠየቀ፦ በሠርግ ዘፋኝ ሲያለቅስ ማን ሞተ ብለህ ትጠይቃለህ? ተዛዝነን እንወድቃለን እንጂ መሬቱ ያው መሬት ነው አለ።

ከመሄዳችን በፊት መውደቅ አስተማረኝ። በዚያን ጊዜ ቆቃ ላይ ግድብ የሚባል የለም፤ አዋሽ በዝግታ ይወርዳል፤ ዳሩ አሸዋ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ እየወሰደ ይጥለኛል። «አገጭህን ደረትህ ላይ። እጅህን አትዘርጋ። ትንፋሽህን ልቀቅ» የሚለውን ሐጂ አንድ ጊዜ ተርጉመውልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሱ ሁለት የአማርኛ ቃል ይበቃው ነበር፦ «ውደቅ» እና «እንደገና»። ማሸነፍ ብቻ ለለመደ ሰው መውደቅን መማር ከባድ ነው። ገላዬ እምቢ ይላል፤ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል። እሱ አይቆጣም። ያነሣኛል፣ አሸዋውን ከጀርባዬ ያራግፍልኛል፣ «እንደገና» ይላል። አባቴ ጦር አስተምሮኛል፣ ማረስ አስተምሮኛል፤ እንዲህ ታግሦ ያስተማረኝ ሰው ግን ከእሱ በፊት አላየሁም።

ሞጆ ላይ እኔ ወደቅሁ፤ ቢሾፍቱ ላይ እሱ። ቢሾፍቱ ከሐይቁ በላይ ባለው ሜዳ አንዲት አሮጊት መጥተው፣ ትግሉ ሳያልቅ አንዴ ተጥዬ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ከሥሬ ሊያነጥፉልኝ ፈለጉ። ቱርኩ ይህን አይቶ ሳቁን መቆጣጠር ስላቃተው ትግሉ ሊበላሽ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ለቆዳ ንግድ ወደ መቂ ሲሄዱ በበቅሎ ተከተልናቸው። መቂ ያኔ የከብት አገር ነው። በገበያው ቀን ሜዳው ላይ እንደ ልማዳችን ታገልን፤ የእኔ ተራ ነበርና ወደቅሁ። ሰዉ ግን ዝም ብሎ ያያል። ከመሐል አንድ ቀጭን ረጅም፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ከብት አርቢ ወደ እኔ መጣ። ኦሮምኛ በጣቢያው ሥራ ለምጄ ስለነበር የሚለውን ሰማሁ።

«የዚህ ሰውዬ ሥራ ይኸ ነው?» አለኝ።

«አዎ፤ ይበላበታል።»

ቱርኩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «የተራበ አይመስልም» አለ። ቀጥሎም «እኔ ልሞክረው» አለና በትሩን ለጓደኛው ሰጠ።

ምክክር አልነበረም። ቱርኩም ይህን ከሰውየው አቋም አወቀ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ተያያዙ። መጀመሪያ ቱርኩ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ ጠለፈ፣ ዞረ፣ ከኋላ ገባ። የመቂው ሰው እንደ ሸምበቆ ይጎብጣል፤ ጣልኩት ሲሉት ተመልሶ ቆሟል። ሁለቱም ማላብ ጀመሩ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ቱርኩ አንዴ ብቻ እግሩን አቀያየረ፤ በዚያችው መሐል ሰውየው ዝቅ ብሎ ገባና አነሣው። ያን የሚያክል ሰው ከሣሩ ላይ ተነቅሎ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ በጀርባው ወደቀ። መሬቱ ድም አለ።

ማንም አልጮኸም። የመቂው ሰው የጣለውን ሰው ቆሞ ሲያይ ደስታ ሳይሆን ሐዘን ፊቱ ላይ መጣ። ወደ እኔ ዞሮ «እንግዳ ጣልኩ» አለ። «እናቴ ምን ትለኛለች?»

ቱርኩ ግን አልተነሣም። ጎኑን ይዞ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። በግቢዎችና በገመድ መሐል ስንት ጊዜ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ከሆዱ ሲስቅ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

የጎን አጥንቱ ተጎድቶ ነበርና በበቅሎ መቀመጥ አልቻለም። የመቂው ሰው ወደ ቤቱ አስገባን። እናቱ የሆነውን ሲሰሙ ልጃቸውን በእኛ ፊት ገሠጹት፤ ያ ሁሉ ቁመት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቅቤ አሙቀው የቱርኩን ጎን አሹለት፤ ወተት በትልቅ ጮጮ አቀረቡ፤ በግ ታረደ። ሐጂም በራሳቸው እጅ ሌላ በግ ባርከው አረዱ። እንሂድ ስንል «ገና ነው» ይሉናል። ሁለቱ ታጋዮች ቋንቋ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ክንድ እየያዘ «እንዲህ ነው? እንዲህ?» ይባባላሉ። እኔም ከሁለቱ መሐል ተቀምጬ ተማርኩ፤ የመቂው ሰው አንዳንዴ አስነሥቶ ሣሩ ላይ ይጥለኝ ነበር።

ልንሄድ ስንል ቱርኩ በሐጂ አፍ «በዕድሜዬ በእውነት የጣሉኝ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አስተማሪዬ፣ ሁለተኛው ይህ ልጅ» አለ። ኦሮምኛም ተምሮ ነበር፤ ለእናትየው «ገለቶሚ» አላቸው፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። እሳቸውም ራሱን ዳብሰው መረቁት። የመቂው ሰው እስከ አዋሽ ድረስ ሸኘን።

ቱርኩ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየም። ጎኑ ሲድን ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ሄደ። ጨው ጫኙ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ ከባቡር አስገባለት፤ ዋጋ ሊሰጠው ቢል «ከጣለኝ ሰው አልቀበልም» አለ። እኔን ግንባሬን ሳመኝና የለመዳትን አንዲት ቃል ተናገረ፦ «እንደገና»። እንገናኝ ማለቱ ይሁን ተለማመድ ማለቱ አላወቅሁም።

ወደ ጫኝነቴ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ክረምት፣ ሳንቃው በዝናብ ረጥቦ ሳለ፣ ጆንያ እንዳዘልኩ ከፉርጎው ጫፍ እግሬ ከዳኝ። ከታች ሐዲዱ ነው። ጆንያውን ለቀቅሁ፤ አገጬ ራሱ ደረቴ ላይ ሄደ፤ ትንፋሼ ወጣ። ተንከባለልኩና ተነሣሁ። ጨው ጫኙ እየሮጠ መጥቶ አጥንቴን አንድ በአንድ ዳበሰ። ምንም አላገኘም። ከሐዲዱ አጠገብ ተቀመጠና ላቡን እየጠረገ «ይህን ለሁላችንም አሳየን» አለኝ። በዚያው ዓመት አንድ ጓደኛችን ከዚያው ሳንቃ ወድቆ አልተነሣም ነበርና ማንም አላሾፈበትም። እሑድ እሑድ በአሸዋው ላይ ሽማግሌ ጫኝ ሳይቀር እየወደቀ ተማረ። ጋሼ ከሁሉ የዘገየ ተማሪ ነበር፤ ግን አልተወውም።

ደረጃውን ስጠን ካላችሁኝ የእኔ እንዲህ ነው። አንደኛ የመቂው ሰው፤ ሳይማር ያውቀዋልና። ሁለተኛ ቱርኩ፤ በእውቀት ከማንም ይበልጣል፤ ራሴ በአንገቴ ላይ እስካለች አልረሳውም። ሦስተኛ ጨው ጫኙ። ሐጂ ግን ቱርኩን አንደኛ ያደርጉታል፤ ጋሼ ደግሞ እስኪሞት ድረስ «ዘይት ባይቀባ ኖሮ» እንዳለ ነው። እኔን የትም አድርጉኝ፤ ሦስቱም ጥለውኛል፤ ከሦስቱም የከፋ ነገር አላገኘኝም።

የመቂው ሰው ከጊዜ በኋላ ከብት ሊሸጥ አዳማ መጣ። እኔ አግብቼ ነበር። ቤቴ አሳደርኩት፤ በማግሥቱም ሐዲዱን ማየት ፈለገና ወሰድኩት። የቱርኩን ወሬ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሰማሁም አልኩት። ከሐዲዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ ባለበት ሰላም ይሁን፣ ጎኑ አይመመው፣ የሚያነሣው ሰው አይጣ እያለ በኦሮምኛ መረቀው። እኔም ከጎኑ ቆሜ በየመሐሉ አሜን አልኩ።