የሩፋኤል ዕለት፣ ባሕሩ እስኪሸሽ

ነሐሴ ፴፣ ከንጋቱ በፊት

የስደት ሰፈራችን ፌርፋክስ ገና አልነቃም። ባለቤቴ ሻንጣዬን አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ አደረሰልኝ። «እዚሁ ሎንግ ቢች፣ ባሕሩ ጋ፣ ድራይቭ አድርጌ ብወስድሽስ?» አለኝ። የባሕር ውኃ ጨው ነው፤ የከተማችን ወንዝ ደግሞ ሲሚንቶ ለብሶ ደርቋል። እናቴ ያለችኝ፣ «በጳጉሜን ሩፋኤል ጎህ ሲቀድ በወራጅ ውኃ ተጠመቂ፤ ፈታሔ ማሕፀን ነው» ነው። ከተጋባን ዓመታት አለፉ፤ ቤታችን ግን እስካሁን ልጅ አላለቀሰበትም። አብራኝ ሆቴል የምታጸዳዋን ሮሳን ለጸሎት ወንዝ እፈልጋለሁ ስላት፣ «አገሬ ሜክሲኮ፣ እናቴ መንደር እወስድሻለሁ!» አለችኝ።

ጳጉሜን ፪

በአውቶቡሱ መስኮት ቁልቋሉ አልቆ ሙዝና ኮኮናት መጣ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጠቀለልብኛል። የሮሳ እናት በር ላይ ዓሣ እየጠበሱ ተቀበሉን። ወንዙ እዚያው ቤታቸው ሥር ባሕር ይገባል።

ጳጉሜን ፫፣ ጎህ ሲቀድ

ነጠላዬን ለብሼ፣ በስመ አብ ብዬ ገባሁ። በእፍኜ ቀመስኩና ክው አልኩ። ጨው! ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ጨው!

የሮሳ አጎት ጀልባቸው ላይ ሆነው ሳቁ። ሮሳ ተረጎመችልኝ፦ «ባሕሩ በእንግድነት መጥቶ ነው። ሲሄድ ወንዙ ያንቺ ነው።»

እኔ የደጋ ሰው፣ ወንዝ ወደ ኋላ ይሞላል ብዬ መች አስቤ! «ፀሐይ ትወጣብኛለች እኮ!»

«ቅዱስሽ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል እንዴ?» አሉ አጎትየው፣ አሁንም በሮሳ በኩል።

እህል ሳልቀምስ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን ደገምኩ። ባሕሩ ቀስ እያለ ሸሸ። የአሸዋው ጀርባ እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ ነጫጭ ወፎች ሰፈሩበት፤ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ወጡ። አጎትየው በጀልባ ወንዙን ሽቅብ ወደ ላይኛው ደለል ወሰዱን፤ ውኃው ውስጥ ወረድኩ። ቀመስኩ። አፈር አፈር ይላል፤ ጨው ግን የለውም።

ሮሳ ተከትላኝ ዘላ ገባች። «ምን ያደርጋል ይሄ ውኃ?»

«ልጅ ያሰጣል።»

«ኖ፣ ኖ! ሦስት አሉኝ፣ በቃኝ!» እየጮኸች ወጣች። አጎቷ ጀልባው ሊገለበጥ እስኪል ሳቁ።

እኔ ሦስቴ ጠለቅሁ። በሦስተኛው ቶሎ አልወጣሁም። ውኃው ሆዴን ገፋ እያደረገ ወደ ባሕሩ ሲያልፍ፣ ከቤት ያዘጋጀሁት ልመና ሁሉ ጠፋኝ። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አልኩ።

መስከረም ፩

ባለቤቴ ዐደይ ቢያጣ ከሱቅ ቢጫ አበባ ገዝቶ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ሻንጣዬን ወሰደ። እጄ ላይ አሸዋ የያዘች ነጠላዬ ብቻ ያለችበት ፌስታል ቀረች፤ እሷንም ቀስ ብሎ ተቀበለኝና፣

«አንቺ ከባድ ነገር አታንሺ» አለኝ።