የግድግዳው እጅ

እህቴን ራጅ ያነሳት ባሏ ነው። ሳል ይዟት ከርሞ፣ ሽሮፑም ክኒኑም እምቢ ሲል፣ ሐኪሙ «እስቲ ደረቷን እንየው» ብሎ ወደ ራጅ ክፍል ላካት፤ እዚያ ደግሞ የዚያን ቀን ከእሱ ሌላ ባለሙያ አልነበረም። ደረቷን ከሰሌዳው አስጠጋና ለማንም ሰው እንደሚለው «አየር ሳቢ፣ ያዢው፣ በቃ ተንፍሺ» አላት። ከመስታወቱ ኋላ ገብቶ ምስሉን አየ። ወጥቶም «ውጤቱን ነገ ሐኪሙ ይነግርሻል» አላት። ይህንንም ለማንም ሰው ይለዋል።

ከዚያ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። እዚያው ሆስፒታል ጥገና ክፍል ነው የምሠራው፤ የመድኃኒት ፍሪጅ ሆድ ዕቃ ዘርግፌ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፊቱን አየሁት።»

«እሺ፣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ከተጋባን ጀምሮ እንደ ዛሬ ምንም ያላለበት ቀን የለም።»

መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ግን ታላቅ ወንድም ነኝና፣ «የሱ ፊት ደሞ መቼ ምን ብሎ ያውቃል! የሠርጋችሁ ዕለት እንኳ ሚዜዎቹ እየጎተቱ ያመጡት ነበር የሚመስለው» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣

«ከሰዓት ፒንግ ፖንጉን ይጫወታል አይደል?» አለችኝ።

«ይጫወታል። የመጨረሻው ግጥሚያ ነው።»

«እኔ የማውቀው ቤት ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን አንተ ታውቀዋለህ። አብሬህ ልቀመጥና ምን እንዳየ ከአጨዋወቱ አንብብልኝ። እስከ ነገ መቆየት አልችልም። ፈርቻለሁ፣ ጋሼ።»

እህቴ ባሏ ሲጫወት አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ኳሷ በተመላለሰች ቁጥር ልቧ አብራ እየዘለለች ስለምታስቸግራት አልመጣም ትል ነበር። እንግዲህ እንደዚያ ፈሪ የሆነች ሰው በራሷ አፍ ልምጣ አለች። ምን ልበላት? እሺ አልኳት።

አማቼን በክለባችን «ግድግዳው» ነው የምንለው። የመጣችለትን ኳስ ሁሉ ስለሚመልስ ይመስላችኋል፤ እሱም አለበት። ዋናው ግን ፊቱ ነው። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያው ነው፤ ተጋጣሚው ምን እንዳሰበለት ሳያውቅ ላብ በላብ ይሆናል። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ፤ ስናደድ ራኬት እወረውራለሁ፣ ደስ ሲለኝ ከማላውቀው ሰው ጋር እተቃቀፋለሁ። የክለቡ ሰዎች «እሱን ለማወቅ ነጥብ ማየት አያስፈልግም፣ ጆሮዎቹን ማየት ይበቃል» ይላሉ፤ ስናደድም ስዋሽም ይቀላሉ።

ያ ፊት አብሮት የተወለደ አይደለም። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ አናጢ ደረቱን ሊነሳ መጣ። አማቼ ምስሉን ሲያይ ቅንድቡ ከፍ አለች፤ ያቺው ናት፣ ሌላ ምንም የለም። አናጢው በመስታወቱ አይቷት ኖሮ ሸሚዙን እንኳ ሳይቆልፍ ወጥቶ ሄደ። ቢጠበቅ አልተመለሰም። የያዘው በሽታ ደግሞ ሊታከም የሚችል ነበር አሉ። አማቼ ከዚያ ወዲህ ፊቱን እንደ ሱቅ ቆለፈው። እህቴን ሲያገባትም ቁልፉን አልሰጣትም።

መጫወቻችን ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ያለ፣ ድሮ የተሰባበረ አልጋ ይታጎርበት የነበረ አዳራሽ ነው። ክለቡን ያቋቋሙት የልብስ ማጠቢያው አለቃ ናቸው፤ በሌሉበት «አባባ ሳሙና»፣ ፊታቸው ላይ «አባባ» ብቻ እንላቸዋለን። የእሳቸው ክለብ ውስጥ ተጋጣሚህ ሲሳሳት መፈንጠዝ ነውር ነው። ነጥብ ስታገኝ አንገትህን ደፍተህ ኳስ ታነሳለህ። አንድ የሚፈቀድልህ ምልክት አለ። ኳስህ የመረቡን ጫፍ ነክታ ማዶ ጠብ ካለች፣ ወይም የጠረጴዛውን ጠርዝ ላጥ አድርጋ ካለፈች፣ ማንም ሊመልሳት አይችልም፤ ነጥቡም ያንተ ነው። ግን መዳፍህን ከፍ አድርገህ ጎንበስ ትላለህ። «ይቅርታ፤ አጥፍተህ አይደለም፣ እንዲሁ የመጣብህ ነው» ማለት ነው።

እንግዶቹ የመጡት በዚያ ሳምንት ነበር፤ ከሁለት አገር የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ለወዳጅነት ውድድር። አንደኞቹን ወዲያው «ጸጥተኞቹ» አልናቸው። ሲያሸንፉ ለተጋጣሚው፣ ለዳኛው፣ ቢቸግር ለጠረጴዛውም አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ለጥቂት ተሸንፎ ፎጣውን አነሳና ፊቱን ወደ ጥግ አዞረ። ትከሻው ሲርገፈገፍ አየነው። ሲመለስ ፊቱ ደረቅ ነው፤ ያለቀሰ ሰው ነው ብሎ የሚመሰክር የለም። አባባ ሳሙና «እነዚህስ ዘመዶቻችን ናቸው» አሉ።

ሁለተኞቹ ግን ሌላ ጉድ ናቸው። ነጥብ ሲያገኙ ጡጫቸውን ጨብጠው ይጮሃሉ። ተጋጣሚ ሰርቩን መረብ ላይ ቢሰቅለውም ይጮሃሉ። በተለይ አንዱን፣ የአምቡላንስ ሹፌሩን፣ «ነጎድጓዱ» አልነው። እኔ ዕጣዬ ሆኖ የደረሰኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የጮኸብኝ ጊዜ ክው አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ደሜ ፈላ። ሦስተኛ ጊዜ ራኬቴን ጥዬ ጠረጴዛውን ዞሬ ደረቴን ሰጠሁት፤ አባባ ሳሙና በኮሌታዬ ይዘው መለሱኝ። የገረመኝ ግን፣ ይኸው ሰው ኳሱ ጠርዝ የነካች ጊዜ ጩኸቱን ከመሃል ዋጥ አድርጎ መዳፉን ከፍ አደረገልኝ፤ ጎንበስም አለ። ሦስታችንም አገሮች በሌላው ሁሉ አልተገናኘንም፣ በዚህች ምልክት ግን ተገናኝተናል።

ስንጨርስ ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የፋርማሲዋ ባለሙያችን እነሱ አገር ስለተማረች ታስተረጉማለች።

«ሰድቦኝ እንደሆነ ጠይቂው» አልኳት።

አወሩ፣ ሳቀች። «አልሰደብኩትም ነው የሚለው። የምጮኸው ስፈራ ነው ይላል። ዝም ካልኩ ፍርሃቱ እጄ ውስጥ ይገባና ይቆልፈዋል፣ ስጮህ ይወጣልኛል ይላል።»

«ታዲያ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የፈራው? ጩኸቱ ማለቂያ አልነበረውም እኮ!»

«ሙሉውን ነው የፈራሁት ይላል። አንተን ግን ወድጄሃለሁ፣ ፊትህ ስለሚታይ። የሚያስፈራኝ ያ ግድግዳችሁ ነው፣ ይጥላኝ ይውደደኝ አላውቅም ይላል።»

ያን ጊዜ ከት ብዬ ሳቅኩ። ያን የሻይ ወሬ እህቴ አጠገብ ተቀምጬ እንደማስበው ማን በነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ከልብስ ማጠቢያው በሚመጣው እንፋሎት መስኮቱ ጭጋግ ለብሶ፣ አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ሞላ። ግጥሚያው ግድግዳው ከነጎድጓዱ ነው። እህቴ እንጨቱ ከተሰነጠቀው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ክንዴን ያዘች። ሳሏን በሻርፗ ታፍነዋለች። አማቼ ሲገባ አያት፤ እንደምትመጣ አልነገርነውም ነበር። ፊቱ ያው ነው። ራኬቱን ግን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረው፤ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«እሺ?» አለችኝ ገና አንድ ኳስ ሳይመታ።

«ቆይ እንጂ፣ ይጀምሩ።»

ተጀመረ። ነጎድጓዱ ይመታል፣ ይጮሃል። ግድግዳው ይመልሳል፣ ዝም። የመጀመሪያውን ጌም በለመደው መንገድ ወሰደ። እፎይ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ያው ሰው ከሆነ ምስሉ ላይ ያየውም ምንም ላይሆን ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ደህና ነው፣ ደህና ይጫወታል» አልኳት። ክንዴ ላይ ያለው ጣቷ ትንሽ ላላ።

በሁለተኛው ጌም ለላብ መጥረጊያ ሲፈቀድላቸው ፎጣውን አነሳ። ግድግዳው ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ የሚመለስ ሰው ነው፤ ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ አያውቅም። ዛሬ ፊቱን ቀበረበት። ዳኛው ጠበቀ። ደግሞ ጠራው። እኔ ያ ጸጥተኛ ጥግ ይዞ ትከሻው ሲርገፈገፍ ትዝ አለኝ።

«ላብ ነው?» አለች እህቴ።

«ላብ ነው። እንፋሎቱን አታዪም?»

ያን ጌም ተሸነፈ። ሦስተኛውን አሸነፈ፣ አራተኛውን ሰጠ። አምስተኛው ላይ እኩል ለእኩል እየተያያዙ ወጡ። የእህቴ መዳፎች ቀዝቅዘው የእኔን ክንድ አቀዘቀዙት። እኔ ውድድሩን ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ማንም ያሸንፍ። የማየው ያንን ሰው ብቻ ነው፤ የማስበው ደግሞ ልጅ ሳለን ነጎድጓድ ሲያጓራ ብርድ ልብሴ ውስጥ ትገባ የነበረችውን ልጅ ነው።

ከዚያ ግድግዳው አንድ ረጅም ምልልስ አሸነፈና ጮኸ።

እውነቴን ነው፣ ጮኸ። ቃል የለውም፤ ከሆዱ የወጣ ድምፅ ነው። አባባ ሳሙና መነጽራቸውን አወለቁ። ነጎድጓዱ ብቻ አልደነገጠም፤ ቆም ብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና አንገቱን ነቀነቀ፣ የአገሩን ቋንቋ እንደሰማ ሰው።

«ጮኸ!» አለች እህቴ ክንዴን እየነቀነቀች። «ጋሼ፣ ሰማኸው? ደስ ብሎት እኮ ነው! ክፉ ነገር ያየ ሰው እንደዚህ ይጮሃል?»

ምን ይዋጠኝ! የሻዩን ወሬ እሷ አልሰማችም። የሰማሁት እኔ ነኝ። ስፈራ ነው የምጮኸው፣ ዝም ካልኩ እጄን ይቆልፈዋል። «እሱማ ደስ ብሎት ነው» አልኩ። ጆሮዬ ይግል ነበር፤ እሷ ግን ወደ እኔ ስላልዞረች አላየችውም።

የመጨረሻዋ ኳስ ጠርዙን ነካች። ላጥ ብላ ወረደች፣ ነጎድጓዱ አየርን መታ። ግድግዳው አሸነፈ። አዳራሹ ሲነሳ እሱ እንደ ደንቡ መዳፉን ለተጋጣሚው ከፍ አደረገ፣ ጎንበስ አለ። ተጨባበጡ። ነጎድጓዱ ትከሻውን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። የዳኛውንም እጅ ጨበጠ። እንግዲህ አለቀ፤ ራኬቱን አስቀምጦ መውጣት ነው።

አልወጣም። ወደ አግዳሚው ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እህቴን ፈልጎ አገኛት፤ መዳፉን ከፍ አደረገ፤ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል ቆየ።

ያንን እጅ ክለቡ ውስጥ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። አጥፍተሽ አይደለም፣ እንዲሁ የመጣብሽ ነው።

«አየኸው? ሰላም አለኝ!» አለች እህቴ። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ በሁለት እጇ አውለበለበችለት። «በሰው ፊት እኮ ነው ሰላም ያለኝ! አንብብልኝ፣ ጋሼ፣ ምን ማለቱ ነው?»

ብላም ዞራ ፊቴን አየች።

ጆሮዎቼን የማደርግበት አጣሁ። በዕድሜዬ አንድ ነገር ደብቄ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ግድግዳ ሁን ተባልኩ። አግዳሚው ላይ ወጣሁና ጡጫዬን ጨብጬ «ግድግዳው!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሰዉ በደስታ ያበድኩ መስሎት አጨበጨበልኝ። አባባ ሳሙና እንኳ አልተቆጡኝም።

እህቴ ከታች ወደ ላይ ጆሮዎቼን አየች። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ከዚያ እሷም አጠገቤ ወጣችና፣ ስትወልድ እንኳ ድምጿ ያልተሰማው እህቴ፣ የባሏን ቅጽል ስም እየጠራች ከእኔ በላይ ጮኸች። ሳሉ እስኪያቋርጣት ጮኸች። እንዳትወድቅ እጇን ያዝኩት።