ለዱዓ ያጠፋሁት መሣሪያ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የወል ግጦሽ ላይ ምሰሶ ስናቆም ዋልን። የመስክ ቴክኒሻን ተብዬ ተቀጥሬ፣ የመጀመሪያው ግዳጄ ሽቦ መወጠር ሆነ።

አለቃዬ ዶክተር ሰብለ ሥራውን በአጭሩ ነገሩኝ። "ሳሩና አፈሩ ከአየሩ ካርቦን ሲወስዱና ሲመልሱ፣ መሬቱ ሙቀትና እርጥበት ሲለቅ እንለካለን። አንተ ምሰሶው ላይ ያለውን መሣሪያ መስታወት በጥጥ ትጠርጋለህ፣ ባትሪውን ታያለህ። መሣሪያው ግን አይጠፋም።"

"ምንም ቢፈጠር?"

"አንተ ብትታመም እንኳ" አሉኝ።

በጋውን ሙሉ የደረቀ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ካርቦኑን ባንዴ ይተነፍሳል። ዶክተር ሰብለ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያቺን ሰዓት ነው። እኔንም አስጠበቁኝ።

በሁለተኛው ዓመት በልጉ ዘገየ። ደመና እየመጣ ሲበተን የሰው ዓይን ምሰሶው ላይ አረፈ። ጫፉ ላይ የምትሽከረከረው የነፋስ መለኪያ ደመና ታባርራለች ተባለ። ምሰሶውን ሊነቅሉ ዲጂኖ ያዘጋጁ ጎረምሶች እንዳሉም ሰማሁ።

የግጦሹን ጉዳይ የሚዳኙት ሽማግሌ፣ ሼህ ይማም፣ አስጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይቺ ማሽንህ ምን ትሠራለች?"

"የሳሩን ትንፋሽ ትለካለች፣ አባቴ።"

"የሳሩስ ትንፋሽ ከወጣ ሰነበተ" ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። "ጁምዓ እዚሁ ሜዳ ላይ ዱዓ አለን። እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። እኔ ደመና ታባርራለች አላልኩም፤ ጎረምሳውን ግን በባዶ አፍ አልመልሰውም። ለዱዓው አስተኛትና አንተም መጥተህ አሚን በል።"

"እንዳትጠፋ ታዝዣለሁ።"

"እንግዲያው ጁምዓ ምሰሶህን አቅፈህ ዋል" አሉኝ።

ለዶክተር ሰብለ ደወልኩ። የሽማግሌውን ቃል ነገርኳቸው። "እሺ አጥፋው" አሉ፣ "ብቻ ያን ቀን ባይዘንብ ነው የሚሻለን።" በዚያ ድርቅ እንዲህ የተመኘ ሰው ከእሳቸው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ተሳስቻለሁ፤ እኔም ነበርኩበት። ጁምዓ ማብሪያውን አጥፍቼ ከሰዉ መሃል ተቀመጥኩ። በአፌ አሚን እላለሁ፣ በልቤ "መሣሪያውን ካበራሁ በኋላ" እላለሁ።

ዱዓው ሳያልቅ ዘነበ። ሰው በደስታ ሲጮህ እኔ ወደ መሣሪያው ሳጥን ሮጥኩ። ነቅቶ እስኪያነብ፣ መስታወቱም እስኪደርቅ፣ የዓመቱ ትንፋሽ አመለጠችን። የረጠበው አፈር ሽታ ግን ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ተናደድኩ፤ ሰዉን ሳይ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሼህ ይማም ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። "አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ፣ "ማሽንህ ዱዓ ታከብራለች። ከእንግዲህ እሷን የነካ እኔን ነካ።"

ዶክተር ሰብለ የመረጃውን ክፍተት አይተው "ምን ብዬ ላስረዳ?" አሉኝ።

"ዱዓ ላይ ነበረች ይበሉ።"

ምሰሶው ዛሬም እዚያው ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ደጋግመን ለክተናል። ዝናቡ ዘግየት ባለ ቁጥር ግን "እባክህ አጥፋልን" የሚል ስልክ ይደወልልኛል።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ ይህን እላለሁ፤ ለመለካት አስቀድሞ ምሰሶው መቆም አለበት። እኛ ብንተክለውም የሚያቆመው የሜዳው ባለቤት ነው።