ታፔላው የሚሰቀልበት ግድግዳ

እትዬ ቀለም ቦታውን ሳታይ ታፔላ አትጽፍም። አመሏ ነው፤ ከብሩሾቹና ከረጅሙ መሰላል ጋር ከአባቷ የወረሰችው። ደንበኛ መጥቶ «ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ፊደሉ ቀይ ይሁንልኝ» ሲላት ቀለም ለመበጥበጥ አትቸኩልም። «የት ነው የሚሰቀለው?» ትላለች። «ምን አገባሽ፣ አንቺ ብቻ ጻፊው» ካላት ብሩሿን አጥባ ታስቀምጣለች። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ዓመት ሳይሞላው እንደ ታመመ ሰው ይገረጣል፤ ጥላ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊው ይጠቁርና ማንም አያነበውም። ስለዚህ ሄዳ ታያለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ወገቧን ይዛ፣ ግድግዳውን ልጇን ሊያጭ እንደመጣ ሙሽራ ከላይ እስከ ታች ትመረምረዋለች። በዚህ አመሏ ስንቱ ስቆባታል። ጉዱን ሁሉ ያወጣው ግን ይኸው አመሏ ነው።

ሱቋ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከቆሙት የቆርቆሮ ሱቆች አንዱ ነው። አንዱን ብትነቅለው ሁሉም ይወድቃሉ። በስተቀኟ ቁልፍ ቀራጩ አለ፤ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ያቃስታል። በስተግራዋ ታናሽ እህቷ የስፌት መኪናዋን በር ላይ አውጥታ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ሐሜት ታስረዝማለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው። ከእሷ ቀጥሎ ጆሮው የማይሰማ፣ ነገር ግን የሚያዋጣውን ሁሉ የሚሰማ ጫማ አዳሽ ሽማግሌ አለ።

በዚያ ረድፍ ጋሼ ቃሌን ያልመረጠ አልነበረም። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በየንግግሩ መሐል «ቃሌ ቃል ነው» ስለሚል ከተማው ያንን ነሥቶ ይህን ሰጠው። መጀመሪያ በፍቅር ነበር። የምክር ቤት ተመራጭ፣ ኋላም ሰብሳቢ ከመሆኑ በፊት ከእትዬ ቀለም ጋር አጥር የሚጋራ ጎረቤት ነው፤ የእህቷ ባል የሞተ ጊዜም ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተወዳደርኩ ሲል ማን ዝም ይላል? እትዬ ቀለም የምርጫ ሰሌዳዎቹን ሁሉ በነፃ ጻፈችለት። «የሕዝብ ወንበር አደራ ነው» የሚለውን ቃል፣ አደራ የምትለዋን ለብቻዋ በቀይ አድርጋ፣ በየአደባባዩ ሰቀለችው። አልበቃትም። ሱቅ ለሱቅ እየዞረች «ለዚህ ሰው እኔ ዋስ ነኝ» አለች።

ቁልፍ ቀራጩ ስለ ፖለቲካ ሲነሳ «ሁሉም አንድ ቁልፍ ናቸው፣ ጥርሳቸው ብቻ ይለያያል» የሚል ሰው ነው። እሱ እንኳ «ይሁን፣ ለአንቺ ስል» ብሎ ሄዶ መረጠ።

ኋላ ወሬ መጣ። ረድፉ ሊፈርስ ነው፤ ቦታው ለመናፈሻ ተፈልጓል ተባለ። ሱቆቹ ሲንጫጩ ጋሼ ቃሌ በእግሩ መጣ፤ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ። የእህትየውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሻይ ጠጣ።

«ምንም የተወሰነ ነገር የለም» አለ። «ምክር ቤቱ ገና በሚመጣው ስብሰባ ነው የሚነጋገርበት። ቢወሰን እንኳ ለእናንተው ልጆች መጫወቻ ነው እንጂ ለማንም አይደለም። ምትክ ሳይሰጣችሁ አንዲት ቆርቆሮ አትነቀልም። ቃሌ ቃል ነው።»

እህትየው እጁን ልትስም ምንም አልቀራት። እትዬ ቀለምም «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ረድፉን ቃኘችው። በዚያ ዓይኗ ኋላ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለች እሷ ታውቃለች።

ሳምንቱ ሳይወጣ የሥራ ጥሪ ደረሳት። ከሌላ ከተማ አዲስ የመጣ፣ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ሥራ አስኪያጅ ፎቅ ላይ ካለ ቢሮ አስቀመጣትና ትልቅ ታፔላ አዘዘ። የገበያ ማዕከል ነው። ከላይ የድርጅቱ ስም፣ ከሥሩ የባለንብረቷ ስም ከነአባቷ፣ ሁሉም በቀይ። እትዬ ቀለም ስሙን ስታነብ ፈገግ አለች። የጋሼ ቃሌ ሚስት ናት። እሰይ፣ ነግዳ ትብላ፣ ምን ክፋት አለው ብላ አሰበች።

«ስሟ በጣም ጎላ ይበል ብለዋል ወይዘሮዋ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከመናኸሪያው የወረደ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው።»

«ይጎላል። የት ነው የሚሰቀለው?»

«እሱ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ግድግዳውን ሳላይ አልጽፍም።»

ሰውየው እንግዳ ነው፤ አመሏን አያውቅም፣ ሱቋንም አያውቅም። ሳቀና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ግድግዳው ገና አልተሠራም። ቦታውን ግን ላሳይዎት» አለ።

መንገድ ላይ ጨዋታው ደራ። ቦታው ዓይን ውስጥ ነው አለ። መሬቱን ለማግኘት ብዙ ሰው ተሻምቶበት ነበር፣ እነሱ ግን ቀደም ብለው ጨርሰዋል አለ። «አሁን ትንሽ ቆርቆሮ አለበት። እሱ ይጠረጋል።» መኪናዋ በትልቁ መንገድ ወጣች፣ መናኸሪያውን ዞረች፣ ቀስ አለች። ቆመች።

እትዬ ቀለም የቁልፍ ቀራጩን ማሽን ሰማች።

«ያችን የምትሰፋ ሴትዮ አዩዋት?» አለ ሰውየው በመስኮቱ ጣቱን ቀስሮ። «ልክ ከእሷ ራስ በላይ አስቡት። ፀሐዩስ ለቀዩ ይስማማዋል?»

እህትየው ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀና አለች። እህቷን ከረባት ካሰረ ሰው ጋር መኪና ውስጥ ስታያት ቅንድቧን ሰቅላ በደስታ እጇን አውለበለበች።

«ያውቋታል እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ» አለች እትዬ ቀለም። «መቼ ነው የሚፈለገው?»

«ለስብሰባው ማግስት።»

«ስብሰባው እኮ ገና አልተደረገም። አይሆንም ቢሉስ?»

ሥራ አስኪያጁ መሪውን እየመታ ሳቀ። «ሰብሳቢው ማን ሆነና ነው እትዬ?»

እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች። ከመኪናው ወርዳ ሱቋ አልገባችም፤ በዚያው እግሯ ወደ ምክር ቤቱ ነጎደች። ከበሩ ጠባቂ ጋር ተጨቃጨቀች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ባለጉዳይ መሐል ተቀምጣ ጠበቀች። ከፊቷ ግድግዳ ላይ የገዛ እጇ ሥራ ተሰቅሏል። የሕዝብ ወንበር አደራ ነው። ያንን ቀይ ቃል ባየች ቁጥር ደሟ ይበልጥ ፈላ። አደራ በላ የሚባለውን ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ በተረት ነበር የምታውቀው፤ ከአጥሯ ማዶ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ጋሼ ቃሌ ብድግ ብሎ ተቀበላት። «እታለም፣ ምን እግር ጣለሽ? ሻይ ይምጣልሽ?»

«ሻይህን በእህቴ በርጩማ ላይ ጠጥተኸዋል። መናፈሻው ባለ ፎቅ ሆነ አሉ።»

ሄዶ በሩን ዘጋው።

«ማን ነገረሽ?»

«የራስህ ሰው። በመኪና ወስዶ የራሴን ሱቅ አስጎበኘኝ።»

«ተይ እንጂ፣ ነገሩን አታክሪው። ንግዱ የሚስቴ ነው፣ የእኔ አይደለም። ተመራጭ ያገባች ሴት አትነግድ የሚል ሕግ አለ?»

«ትነግድ። እኛ ዳቦ ለመግዛት እንሰለፋለን፣ እሷ መሬት ለመግዛት ከአንተ ጋር ትተኛለች። ምክር ቤቱ ነገ የሚወስነውን ትናንት ትራስ ላይ ትሰማለች። ለመጫወቻ ነው ያልከንስ? ማን ነው የሚጫወተው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ድምፄንማ ሰጥቼህ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ጋሼ ቃሌ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ሲለምን የሚያሳምረው ድምፅ ነበረው፤ ያንን አወጣ። «ስሚኝ እታለም። አንቺን የምረሳ ሰው ነኝ? ምድር ቤት ጥግ ላይ ክፍል አለ። ለአንቺና ለእህትሽ ይበቃል። ኪራይ የሚባል ነገር አይነሳም። ቃሌ ቃል ነው።»

«ለቁልፍ ቀራጩስ?»

«ለሁሉም እንዴት ይዳረሳል?»

«ሽማግሌውስ?»

«እሱ እንግዲህ አርጅቷል። ይረፍ።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ። አንተስ የሚቆጭህ የለም፤ የሬሳውንም ሸክም አስከፈልከን።»

ይኼኛው ሳይሰማው አልቀረም፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ። ግን ምን አለ መሰላችሁ? እሷ በሩን ስትከፍት ከኋላዋ «ታፔላውን ግን አደራ፣ እንደ ልማድሽ አሳምሪልን። ከአንቺ እጅ የሚሻል የለም» አላት። ይህን ሲል ቀልድ አልነበረበትም። የምር ነው። በደለኛ ሰው የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጉሮሮህን ይዞህ ሳለ ፀጉሬን አበጥርልኝ ይልሃል።

እትዬ ቀለም ዞር አለች። «እጽፋለሁ» አለች። «በታዘዝኩበት ቦታም እሰቅላለሁ።»

ሱቅ ስትመለስ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ የጥጉንም ክፍል አልደበቀችም። እህትየው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ጥግም ቢሆን ክፍል ነው እኮ፣ እቴ» አለች ቀስ ብላ። «ኪራይ የለውም አላልሽም? ልጆቹ...»

«አልፈርድብሽም። ልጆች አሉሽ። ሂጂ ብትይኝ እኔው ራሴ ዕቃሽን አጓጉዝልሻለሁ። እኔ ግን አልገባም። ለዚህ ሁሉ ሰው ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ተበዳሪው ሲክድ ዋሱ ነው የሚያዘው።»

እህትየው የሽማግሌውን መዶሻ ሰማች፣ ማዶ የሚጮኹትን የአውቶቡስ ረዳቶች ሰማች። መርፌዋን ነቀለች።

«ስትሰቅይው መሰላሉን ማን ይይዝልሻል?» አለች።

እትዬ ቀለም በዕድሜዋ እንደዚያ ያማረ ታፔላ አልጻፈችም። ንዴት እጅን ያንቀጠቅጣል የሚሉ ሰዎች ንዴቷን አላዩትም፤ እጇን እንደ ብረት አቀናው። ፊደላቱ ጎላ፣ ፈርጠም አሉ። የወይዘሮዋን ስም ስትጽፍ ቀዩን ሁለቴ ደረበችው፤ ስሟ ይጉላ አላሉም? ሲደርቅ ከሱቋ ወጥታ እንደ ያኔው ሱቅ ለሱቅ ዞረች።

«ዋስነቴን አንስቻለሁ» አለች በየበሩ። «ያኔ እመኑት ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ አሁን አትመኑት የምላችሁም እኔው ነኝ። ነገ ጧት ምክንያቱን ታነቡታላችሁ።»

ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አጠፋ። ብዬሽ ነበር ይላታል ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። «ቁልፉንማ እኛው ቀርጸን ሰጠነው» አለ ብቻ። ከዚያ የእጁን ብናኝ አራግፎ ሚስማር ሊፈልግ ገባ።

የስብሰባው ዕለት ጧት ታፔላው ወጣ። ቁልፍ ቀራጩ መታ፣ እህትየው መሰላሉን ያዘች፣ ሽማግሌው ከታች «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» እያለ አዘዘ፤ ማንም አልጠየቀውም። የገበያ ማዕከሉ ስም ከነባለንብረቷ ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው፤ የቆርቆሮ ሱቆቹ በፎቅ ስም ተሞሸሩ። ከአውቶቡስ የወረደው መንገደኛ አነበበ። የረድፉ ደንበኛ አነበበ። ወደ ምክር ቤቱ የሚሄዱት ተመራጮችም መንገዳቸው በዚያ ነውና አንድ በአንድ እያነበቡ አለፉ፤ አንዳንዶቹ መኪናቸውን አቁመው ተመልሰው አነበቡ። «የማን ሚስት ናት?» የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። ስሟ ጎልቷል።

ጋሼ ቃሌ ግን በሌላ መንገድ ነበር የሄደው። ስብሰባውን ከፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሊያዳምጥ ለመጣው ሕዝብ ስለ መናኸሪያው ቦታ ምንም የተወሰነ ነገር የለም አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለምን እንደሚሳቅ ስላልገባው እሱም አብሮ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ በየሱቁ የሚተረከው። ኋላ አንዱ ተመራጭ ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ፤ ፈገግታው በቦታው ሳለ ፊቱ ከሥሩ ተለወጠ። የመናኸሪያው ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለ። ተላለፈ እንጂ አልተሻረም፤ እትዬ ቀለም ይህን ታውቃለች፣ ንዴቷም ስላልተሻረ አልበረደም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ፈትቶ እያለከለከ መጣ። መሰላል ፈለገ። በመናኸሪያው ዙሪያ እዚያ ድረስ የሚደርስ መሰላል አንድ ነው፤ የእትዬ ቀለም አባት መሰላል።

«ያከራዩኝ።»

«አይከራይም።»

«ይሽጡልኝ።»

«ውርስ ነው።»

በመጨረሻ ጋሼ ቃሌ ራሱ መጣ። ዛሬ መኪናውን ሩቅ አላቆመም። ወርዶ የሚስቱን ስም ቀና ብሎ አየው፤ ረድፉም ሥራውን አቁሞ እሱን አየው።

«አዋረድሽኝ እታለም።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የሰቀልኩት። ፊደል ከጎደለ ንገረኝ፣ አሟላለሁ።»

«አውርጂው።»

እትዬ ቀለም ወገቧን ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ላይ ተመለከተች።

«ቀይ ነው» አለች። «ፀሐዩ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። ዓመት ሳይሞላው ይገረጥልሃል። እስከዚያ ታገሥ።»

እሱም እዚያው ተገተረ። ከታፔላው ሥር እህትየው የሰው ሱሪ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ክሩን ወደ መርፌው ዓይን እያስጠጋች ነበር። ቀና አላለችም።

«ጋሼ ቃሌ» አለች፣ «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ብርሃኑን ከለሉኝ።»