የዘሀራ ቆርቆሮ

ዘሀራን የማያውቅ የአዲሱ ገበያ ሰው ካለ ወይ ትናንት ነው የመጣው፣ ወይ ጉንፋን ይዞት አያውቅም። ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በቃ መደቧ ላይ የሌለ ነገር የለም። ሙያውን ከወሎ ይዘውት የመጡት አባቷ ናቸው። አንድ ሰው ገና ከታክሲ ሲወርድ ካሳለ፣ ከሩቅ ሰምታ "ደረቅ ነው! ና፣ ና ወዲህ!" ትላለች። ዋጋ የሚከራከራትን ደግሞ "እሺ የኔ ማር፣ በሽታህን ይዘህ ሂድ" ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሰውየው ዊንጌት ሳይደርስ ይመለሳል።

ደሞ ታምራለች። ወደ ሃምሳ እየተጠጋች ፊቷ ቅቤ የጠጣ ይመስላል። የአዝሙድ ጆንያ ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ስታወጣ ኩሊዎቹ ያፍራሉ።

ወሬውን የጀመረው አጠገቧ ሽንኩርት የሚሸጠው ገለታ ነው። ገለታ ሲያወራ ልክ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ነው፤ ሚስጥር እንኳን በጩኸት ነው የሚነግርህ። "ቆርቆሮዋን አይታችኋል? ጥሩውን አዝሙድ ለራሷ፣ ለእኛ ገለባውን!"

እርግጥ ገለታ ያየውን ነው ያወራው። በየቀኑ የመግሪብ አዛን ሲል ዘሀራ ከመደቧ ስር አንዲት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ትስባለች። እጇን እስከ አንጓዋ ጥቁር አዝሙዱ ውስጥ ትከትና፣ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ የሆነች ነገር በውሃ ዋጥ ታደርጋለች። ሰውም ቆርቆሮዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ደመረ። ድምሩም "የዘሀራ ቆርቆሮ ኤችአይቪን ሳይቀር ታድናለች" ሆኖ ዊንጌት ደረሰ። እሷ "ከዚች አልሸጥም" ባለች ቁጥር "አያችሁ፣ ሰስታ ነው!" ተባለ።

ሰው ያላየው አዝሙዱ ውስጥ የተቀበረችውን የኪኒን ብልቃጥ ነው። ብልቃጥ ደሞ አመሏ መጥፎ ነው፣ ገና ሲነኳት ኮሽ ኮሽ ትላለች። አዝሙድ ውስጥ ስትቀበር ግን ጭጭ። ቫይረሱ በዘሀራ ደም ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። መጀመሪያ ሰሞን ከጤና ጣቢያ ሸሽታ የራሷን መደብ ከዳር እስከ ዳር ጠጥታዋለች። ሳሉ ቀለል አላት፣ ሰውነቷ ግን እየሟሸሸ ሄደ። በእግሯ ያቆማት ኪኒኑ ነው። ይህን የምታውቀው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስብሐት ብቻ ነበረች። ገበያው ቢሰማስ? በእጇ የለቀመችውን ቅጠል ማን ይገዛታል? ይህን ባሰበች ቁጥር ቆርቆሮዋን ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጋታለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው በሞቀበት፣ ሊሚ መጣች። ዊንጌት ጋ ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዘሀራም ፀጉሯን የምትሠራው እሷ ጋ ነው። ድሮ ሊሚ ስትመጣ ሳቋ ነበር የሚቀድማት። ያን ቀን ሳሏ ቀደማት። ዘሀራ "ና ወዲህ" ብላ አልጮኸችም። ያንን ሳል ታውቀዋለች፣ አንድ ጊዜ የራሷ ነበር።

"እትዬ ዘሀራ፣ ከዛች ከቆርቆሮዋ ትንሽ ይስጡኝ" አለች ሊሚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለእኔ አይደለም። ለ... እ... ለጓደኛዬ ነው።"

"ምን ሆና ነው ጓደኛሽ?"

"ያው... በሽታው ነው። ኪኒኑን ትታዋለች። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በቃ አዝሙድ በማር ነው። ግን አልተሻላትም። ጥሩው አዝሙድ እርስዎ ጋ ነው አሉ።"

ዘሀራ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። "ስሚኝ፣ ጓደኛሽ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትመለስ። አዝሙድ ለዚህ አይሆንም።"

"እርስዎ ይወስዱት የለ!" ሊሚ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ለእርስዎ ሲሆን ነው የሚያድነው?"

ገለታ ከሽንኩርቱ ክምር ላይ ተነሳ። "ስጫት እንጂ ዘሀራ! አንቺ ደሞ፣ ወደ መቃብር ልትወስጂው ነው?" ሌሎች ገዢዎችም "ለእኛም! ለእኛም!" እያሉ ተጠጉ።

ዘሀራ ቆርቆሮዋን አየች። የልጅቷን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየች። ዝም ብትል መደቧ ይተርፋል፣ ልጅቷ ግን አትተርፍም።

ቆርቆሮዋን ሳበችና መደቡ ላይ ገለበጠቻት። አዝሙዱ እንደ ጥቁር ውሃ ፈሰሰ፣ ብልቃጧ ከመሀሉ ዱብ ብላ ኮሽ አለች።

"ይኸው!" አለች ዘሀራ። "አየኸው ገለታ? ዓይንህ እስኪቀላ የተመኘኸው ይሄ ነው። ቫይረሱ በደሜ አለ። ይሄን ፊት የሰጠችኝ ይቺ ኪኒን ናት። አዝሙዱ ውስጥማ ዝም እንድትል ነው የቀበርኳት!"

"እንዴ..." አለ ገለታ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። "ከሞት በቀር የሁሉ መድኃኒት ነው የምትይን አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"እላለሁ! ወላሂ አሁንም እላለሁ፣ በአዝሙዴ አልደራደርም! ግን አዝሙዱንም ኪኒኑንም የሰጠኝ አንድ አላህ ነው። አንዱን ያዢ፣ አንዱን ጣዪ ያለኝ የለም። ቅጠል ስጠጣ እንኳን ለነርሷ ነግሬ ነው፤ ከኪኒኑ ጋር የሚጣላ አለና።"

አንዲት ሴትዮ በእጇ የያዘችውን ዳማከሴ ቀስ ብላ መልሳ አስቀምጣ ሄደች። ዘሀራ አየቻት። አንገቷን ግን አልደፋችም። ዳማከሴውን አራገፈችና ቦታው አደረገችው።

ከዛ ወደ ሊሚ ዞረች። "ለጓደኛሽ ይሄን ፊት በዓይኔ አይቻለሁ በያት። ብቻዬን አልሄድም ካለች ሰኞ ጠዋት እኔ እወስዳታለሁ። አብሽሪ በያት።"

ሊሚ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ትመጣለች" አለች።

ሰኞ ጓደኛዋ መጣች፣ የሊሚን ጃኬት ለብሳ፣ በሊሚ እግር። ዘሀራ "ጓደኛሽስ የታለች?" ብላ አልጠየቀችም። መደቧን ለገለታ አደራ ብላ ክንዷን ይዛት ሄደች። ገለታም ያን ቀን ወገቡን ይዞ፣ "ደረቅ ነው! ና ወዲህ!" እያለ ቅጠል ሲሸጥ ዋለ። የሆዱን ለጉንፋን፣ የጉንፋኑን ለሆድ ሳይሰጥ አልቀረም።

ገበያው ቀዘቀዘባት? ለትንሽ ጊዜ፣ አዎ። ኋላ ጉንፋን ገባና ሰው ተመለሰ። ሌላም ዓይነት ሰው መምጣት ጀመረ፣ ጠጋ ብሎ "አንድ ጓደኛ ነበረኝ..." የሚል። ዘሀራ ለሱ ወንበር ትስባለች።

ብልቃጧ ወደ ቆርቆሮዋ አልተመለሰችም፤ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ናት። ጠዋት ዘሀራ ከታክሲ ስትወርድ ኮሽ ኮሽ እያለች ነው የምትመጣው። ገለታ ገና ሳያያት፣ "መንገድ ልቀቁ፣ ንግሥቲቱ መጣች!" ይላል። እሷም ኮሽታውን ለማፈን ኪሷን በእጇ አትይዝም።