ኡምኩልሱም የጠበቀችው ምንጭ

ኡምኩልሱም የምንጩን አፍ በአሸዋና በገለባ እየፈተገች ነበር። አረንጓዴውን ልጋግ በጥፍሯ ትልጣለች፣ በውሃ ትለቀልቃለች፣ እንደገና ትፈትጋለች። ከጨፋ ሜዳ በላይ፣ ከኖራ ድንጋዩ ሥር የሚፈልቀውን ይህን ምንጭ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ከብት አታስቀርብም። የቆሸሸ ጀሪካን ካየች ዝም ብላ ተቀብላ፣ አጥባ ትመልሳለች፤ መቆጣት አይሆንላትም።

በሐምሌ በሬዋ ታሞ ሞተ። በክት ነውና የሚበላው የለም። ሜዳ ላይ ቢጣል ጅብ እየጎተተ ምንጩ ዳር እንዳያደርሰው ሰጋች። ጎረቤቶቿን ለምና በገመድ አስጎተተችና ተራራው አናት ላይ ካለው፣ መጨረሻው ከማይታይ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ አስጣለችው። ምንጩን አዳንኩ ብላ ደስ አላት።

ከሳምንት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ውሃው ሸተተ። ሽታው፣ ጣዕሙ ወይም መልኩ በተለወጠ ውሃ ለሰላት ውዱእ አይደረግምና ወንዶቹ ምንጩን ተዉት። ሴቶቹም ውሃ ለመቅዳት እስከ ቦርከና ወንዝ መውረድ ጀመሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቶይባ ለኡምኩልሱም ንጹሕ ጠርሙስ ሰጠቻት፤ ሐሙስ ጠዋት ከምንጩ ሞልታ በዚያው ቀን ለምርመራ ከሚሴ እንድታደርስ፣ ውጤቱ እስኪመጣም ማንም ሳያፈላ እንዳይጠጣ ነገረቻት።

ሐሙስ ጠርሙሱን ሞልታ በነጠላዋ ጠቅልላ ልትሄድ ስትል፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ሙሐመድዘይን መጥተው ምንጩ ዳር ቁጢጥ አሉ። ውሃውን በመዳፋቸው አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት። ሦስቱም ደህና ሆነ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠሃራ ነው፤ ንጹሕ» አሉ። «አንቺ ደግሞ ለከሚሴ ገበያ ሰበብ አገኘሽ?»

ወደ ቦርከና ሲያልፉ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ኡምኩልሱም ፊቷ ጋለ። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብላ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ሙና የወንዙን ውሃ አልጠጣም እያለች ስታስቸግር ሰንብታ ነበርና፣ የምንጩን ውሃ የመጀመሪያውን ኩባያ ሳታፈላ በገዛ እጇ አጠጣቻት።

ቅዳሜ ሙና ቀና ማለት አቃታት። ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፤ ዓይኗ ጎደጎደ። እሁድ አዝላት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወርድ፣ አንገቷን ያቀፉት ትንንሽ እጆች መንገድ ላይ ተፈቱ። ሬሳዋን ያጠቡት በዚያው ውሃ ነው። ሙሐመድዘይንም ለጀናዛው ሰላት ውዱእ ያደረጉት ከዚያው ነው።

ቶይባ ለቅሶ ስትደርስ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ አየችው። ከላይ ጉድጓዱ ውስጥ የተጣለ ነገር እንዳለ ብቻ ጠየቀች፤ ኡምኩልሱም ስለ በሬው ነገረቻት።

«እናቴ፣ ድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ ነው» አለች ቶይባ። «እዚያ የወደቀ ሁሉ ሳይጣራ በምንጩ ይወጣል። ሽታው ቢጠፋም በሽታው አይጠፋም።»

ገመዱን የጎተቱት ጎረቤቶች መሬት መሬት አዩ። ቶይባ ሌላ ጠርሙስ ሰጥታት ሄደች።

በማግስቱ ኡምኩልሱም ጠርሙሱን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ሴቶቹ ሽታው ከጠፋ ምን ይሆናል ብለው ተሰልፈው እየቀዱ ነው። መንገድ የለቀቀላት የለም።

«በሬሽን አጠጣሽን፤ ይበቃል» አለቻት ጎረቤቷ ፋይዛ፣ ጀሪካኗን እየከደነች። «እጅሽን እንዳትነክሪበት።»

ኡምኩልሱም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ባዶውን ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ከሙሉው አጠገብ አቆመችው። ወደ ከሚሴ የሄደ የለም።